ተነስ አባዬ፣ ትንሽ እንራመድ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የማወጋችሁ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆችና ስለ ሥራ ነው። ዛሬ ስለ አባቴ ልጻፍ። ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፤ «ስሜን አትጥሪ እንጂ የፈለግሽውን ጻፊ» ብሎኛል።

አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ከእማዬ ጋር መቱ ይኖራል። እኔ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ አዲስ አበባ ውስጥ ማርኬቲንግ እሠራለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ እግሩ አበጠ፣ ጫማው አልገባ አለው። «የእርጅና ነው» ተባለ። ቀጥሎ በጀርባው መተኛት አቃተው። አንድ የነበረው ትራስ ሁለት ሆነ፣ ከዚያም ሦስት። እማዬ በስልክ «ትራሱን ሁሉ ወሰደብኝ» ብላ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያ ሳቅ አሁን ሳስበው ያመኛል። ሐኪም ቤት ስንደርስ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «በስንት ትራስ ነው የሚተኛው?» የሚል ነበር።

የልብ ድካም ነው ተባለ። ሆስፒታል ተኛ፣ ውሃው በመርፌ ወጣለት፣ ተሻለውና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስንወጣ አንድ ፌስታል መድኃኒትና ሦስት ምክር ተሰጠን፦ ጨው ይቀንስ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ፣ አይድከም። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ለመጠየቅም አፈርን።

እኛ ከሦስቱ ምክሮች በደንብ የያዝነው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ጥፋተኛው ስሙ ይመስለኛል። በሙያዬ ስለ ስም ብዙ አስባለሁ፤ ሰው ዕቃውን ከመሞከሩ በፊት ስሙን ሰምቶ ምን እንደሚያደርግበት ይወስናል። «የልብ ድካም» ሲባል ደግሞ የደከመ ነገር ምን እንደሚያስፈልገው ለማንም ግልጽ ነው፤ እረፍት! ስለዚህ ስሙን ሰማንና ሕክምናውን ራሳችን አዘዝን። አባዬ በረንዳው ላይ ወንበር ተዘጋጀለት። የእጅ ውሃ እዚያው ይቀርብለታል፣ ምሳ እዚያው ይመጣለታል። ከሱቅ ጋዜጣ ልግዛ ሲል ልጅ ይላካል። ጎረቤቱ ሁሉ «አርፈው ይቀመጡ እንጂ ጋሼ» ይለዋል። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በሽተኛውን የሚወደው በማስቀመጥ ነው።

በሦስት ወር ውስጥ የእግሩ ባት ቀጠነ። ከወንበር ለመነሳት በሁለት እጁ ይደገፍ ጀመር። ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ትንፋሽ ያጥረዋል። «ልቡ ባሰበት» አልን፤ ይበልጥ እንዲያርፍ አደረግነው።

ነገሩን የገለበጠችው አንዲት ነርስ ናት። ለክትትል የሄደ ዕለት «ጋሼ፣ በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?» ብላ ጠየቀችው። እማዬ ቀድማ በኩራት «እኛ እያለን? አንድ እርምጃ አይራመድም!» አለች። ልጅቷ ፈገግ ብላ «እማማ፣ እንግዲያው እግራቸውን ያሰራችሁት እናንተ ናችኋ» አለቻት። እማዬ ለሁለት ቀን አኩርፋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ደወለችልኝ፦ «እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይህቺ ልጅ ያለችው እውነት ነው ወይ? አንብቢልኝ።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ቢዝነስ ነው። ግን አነበብኩ፣ ሐኪሞችንም አስቸገርኩ። የተረዳሁትን በቀላሉ ላስረዳችሁ።

የልብ ድካም ማለት ልብ ሊቆም ነው ማለት አይደለም። ልብ ፓምፕ ነው፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት ሲያቅተው ኩላሊት «ደም አነሰ» ብሎ ይደናገጥና ጨውና ውሃ ማጠራቀም ይጀምራል። ያ ውሃ ነው እግር የሚያሳብጠው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትራስ የሚያስደረድረው። ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ግማሹ ያለው እግር ላይ ነው። የማይሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ከደም ኦክስጅን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ያችኑ ትንሽ መንገድ ለመሄድ ልብን አብልጦ ያስጨንቃል። አባዬ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ያቃሰተው በልቡ ብቻ አልነበረም፤ እኛ በፍቅር ባሟሸሽነው እግሩም ጭምር ነው። የእንቅስቃሴ ሕክምና አብዛኛውን ጥቅሙን የሚሰጠውም በዚሁ በኩል ነው፦ ጡንቻውና የደም ሥሩ ይሠለጥናል፣ የልብ ሸክም ይቀላል።

ደግሞ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። የዓለም ሐኪሞችም ለብዙ አሥርተ ዓመታት የልብ ድካም ሕሙማንን አልጋ ላይ ያስተኙ ነበር። አስተሳሰቡ መለወጥ የጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1990 በኦክስፎርድ እነ አንድሩ ኮትስ ያወጡት ጥናት ታሪኩ ደስ ይለኛል፤ ሕሙማኑ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ተሰጥቷቸው በየቤታቸው ለስምንት ሳምንት ነዱ፣ አቅማቸውም ጨመረ። ልብ በሉ፣ በየቤታቸው ነው! በ2009 ደግሞ አሜሪካ፣ ካናዳና ፈረንሳይ ውስጥ 2,331 ሕሙማንን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ታተመ። እንቅስቃሴው ለሕሙማኑ አደጋ እንደሌለው፣ የኑሮ ስሜታቸውን እንደሚያሻሽል፣ ሆስፒታል መመላለስንም በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል አሳየ። ተአምር አላሳየም። አንዱ ምክንያት ብዙዎቹ የታዘዘላቸውን ያህል አለመሥራታቸው ነበር። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ደንበኛን አንድ ጊዜ ማስገዛት ቀላል ነው፣ ማመላለስ ነው ሥራው።

«የልብ ማገገሚያ ማዕከል» የሚባለው፣ ባለሙያ እያየህ የምትሠራበት ቦታ፣ በአገራችን ብርቅ ነው። የጎሬ፣ የቡሬ፣ የሁሩሙ ወይም የያዮ ሰው ለክትትል መቱ ድረስ መጥቶ ነው የሚመለሰው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት ሊሠራ ይምጣ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለእኛ ያለው አማራጭ ቤት ነው። ቤት ደግሞ እንደሚሠራ ኦክስፎርድ አሳይቶናል።

ከመጀመራችን በፊት ግን ሐኪሙን ጠየቅን። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። እግሩ ያበጠ፣ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ መድኃኒቱ ገና ያልተስተካከለለት ሰው መጀመሪያ መረጋጋት አለበት። የልቡ በር በጣም የጠበበ ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ ስፖርት መጀመር የለበትም፤ አገራችን ውስጥ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ስለሆነ ይህ ጥቂት ሰው አይደለም። አባዬን የያዘው ለዓመታት ችላ ያለው የደም ግፊት ነው። ልቡ በአልትራሳውንድ ታይቶ፣ ሐኪሙ «ይራመድ፣ ግን በልክ» አለ።

ልኩ ምንድን ነው? ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወሬ ይበቃል። እየተራመደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ልክ ነው። ቃል እየቆረጠ ከሆነ ፍጥነት ይቀንስ። መዝፈን ከቻለ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። አባዬ መምህር ስለሆነ መናገሩ አልቸገረውም፤ ችግሩ እጁን ለማስረዳት ሲያነሳ ቆሞ መቅረቱ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ከግቢው በር እስከ ሰፈሩ ሱቅ ሄዶ መመለስ ነበር፤ አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ጋዜጣውን ራሱ ገዛ! በየሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ጨመርን። በሦስተኛው ወር ያለማቋረጥ 30 ደቂቃ ይሄድ ነበር። መቱን የምታውቁ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ጎሬ ላላችሁ ደግሞ እግዜር ይርዳችሁ፤ ከተማዋ ራሷ ጋራ ላይ ናት። ዘዴው ዳገቱን በመጀመሪያ፣ ጉልበት ሳለ፣ በጣም በዝግታ መውጣትና ሲመለሱ ቁልቁል መምጣት ነው። ተቃራኒውን ያደረገ ሰው መጨረሻ ላይ ዳገት ይጠብቀዋል። በልቶ ወዲያው መውጣት የለም። ሲጨርሱ ድንገት ከመቀመጥ ጥቂት ደቂቃ እያዘገሙ መቀዝቀዝ ነው።

ክረምቱስ? ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ «ሲያባራ እወጣለሁ» ያለ ሰው ወራቱ ያልፉበታል። ጭቃው ላይ መውደቅም አለ። ያኔ በረንዳው ላይ ያለው ያ የተረገመ ወንበር አዲስ ሥራ አገኘ። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበሩ ይነሳል፣ ይቀመጣል። መጀመሪያ አራት ጊዜ፣ አሁን 12 ጊዜ፤ አርፎ ይደግመዋል። ግድግዳ ተደግፎ በጣቶቹ ይቆማል፣ ቆሞ እግሩን እያነሳ እዚያው ይረግጣል። ሲነሳ ትንፋሹን እንዳይዝ ግን እንቆጣጠራለን፤ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ለምሳሌ ሙሉ ጀሪካን ወይም የቡና ኩንታል፣ ከስፖርት አይቆጠርም፤ የደም ግፊትን ድንገት ይሰቅላል። በቡና ለቀማ ወቅት አባወራዎች «ትንሽ ልርዳ» ሲሉ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው። የሰውነት ሚዛን ከአዲስ አበባ ገዝቼ በአውቶቡስ ላክሁ። አባዬ መጀመሪያ «እኔ በግ ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ነገሩ ግን ይህ ነው፤ እግር ላይ ዕብጠት ከመታየቱ በፊት ውሃው ሚዛን ላይ ይታያል። ስብ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ አይጨምርም፤ ውሃ ግን ይጨምራል። ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ ለሐኪሙ መደወል ነው፣ እግር እስኪያብጥ መጠበቅ የለም። አመዛዘኑም ሥርዓት አለው፦ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ሽንት ወጥቶ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ያንኑ ልብስ ለብሶ፣ ሲሚንቶ ላይ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንጣፍ ላይ አስቀምጠነው በየቀኑ የተለያየ ሰው ሆኖ ነበር። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጽፈዋል። መሥሪያ ቤቴ በየዓመቱ የሚያሳትመው፣ እኔ ስለ ቀለሙ ከማተሚያ ቤቱ ጋር የምጨቃጨቅበት የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ለቁም ነገር ሲውል ያየሁት ያኔ ነው።

ጨው ላይ ስንደርስ ጦርነቱ ከእማዬ ጋር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም ጤነኛ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ያም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። እማዬ «ወጡ ላይ ቀንሻለሁ» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ዳቦው አለው፣ ቆሎው አለው፣ የሾርባ ኩቡማ ጨው ራሱ ነው ማለት ይቀላል። ከዚያ ደግሞ ቡናው! አዲስ አበባ ለምትኖሩ ይገርማችሁ ይሆናል፤ በእኛ አገር በገጠሩም በከተማውም ቡና በጨው የሚጠጣ ብዙ ሰው አለ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው እንዲያ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ጠዋት አንድ ዙር፣ ከሰዓት አንድ ዙር፣ ጎረቤት ቤት ደግሞ ሌላ። ስንት ቁንጥር ጨው እንደሆነ ቁጠሩት። ቡናውን አልከለከልነውም፤ ቡና አገር ተወልዶ ያንን መከልከል ጭካኔ ነው። ጨው የሌለበት ተለምዶ ለመጣፈጥ ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደበት፤ አሁን ጎረቤት ቤት ሲቀርብለት «ባሕር አደረጋችሁት» ይላል። በወጡ ፈንታ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ ሠርተውልናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሱፐርማርኬት ውስጥ «አነስተኛ ሶዲየም» እየተባለ የሚሸጠው የጨው ምትክ ብዙውን ጊዜ ፖታሺየም ነው። እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉትን የሚወስድ ሰው ፖታሺየሙ ከመጠን አልፎ ልቡን ሊያውክበት ስለሚችል ያለ ሐኪም አትስጡት። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ውሃ ያስቋጥራሉ። አባዬ የጉልበቱን ሕመም ሊያስታግስ በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ የጨመረው በዚህ ነበር፤ ሚዛኑ ባይኖር አናውቅም ነበር።

መድኃኒቱን የሚዘለው ደግሞ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ውሃ የሚያስወጣውን ፍሮሴማይድ ውጦ ከመቱ በደሌ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ሾፌሩን ስንት ጊዜ ያስቆማል? አባዬ መንገድ ባለው ቁጥር ሳይነግረን ይተወው ነበር። ሐኪሙ ሲነገረው ነገሩ ቀላል ሆነ፤ መንገድ ባለበት ቀን ሰዓቱን እንዲያሸጋግር ፈቀደለት። ጾምም እንዲሁ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ኪኒኑን በራሱ ከማቋረጥ ወቅቱ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ሰዓት ያስተካክል፤ ሐኪሙ አትጹም የሚለውም ሰው ይኖራል። ጠበል የሚጠጣም መጠኑን ይናገር፤ ለካህኑም ለሐኪሙም። ብዙ ሊትር ውሃ በአንድ ጠዋት ለደከመ ልብ ብዙ ነው። ደህና ሆንኩ ብሎ ማቆምማ አይሞከር፤ ደህና የሆነው በመድኃኒቱ ነው።

«ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ አንድ ቁጥር ልጨምር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 የልብ ድካም ሕሙማንን ያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሥራ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 መሆኑን አሳይቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ የዚህ በሽታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 70 ዓመት አካባቢ ያለ ነው። እኛ ጋ ልጅ የሚያስተምር፣ ደመወዝ የሚያመጣ ሰው ነው የሚታመመው። ቀዳሚው ምክንያት ደግሞ የደም ግፊት ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ በምሳ ሰዓት ሄጄ ተለካሁ፤ እናንተስ?

እንቅስቃሴ የሚቆምበትን ቀንም ልንገራችሁ። ክብደቱ ድንገት የጨመረ ቀን፣ ትኩሳት ያለበት ቀን፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ቀን አይወጣም። እየተራመደ ደረቱን ከጨመቀው፣ ካዞረው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ከደለቀበት ቆሞ ይቀመጥ፤ ካልለቀቀው ወደ ሐኪም ቤት። ሌሊት ታፍኖ የነቃ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም። ድካም ብቻ ከሆነ ግን፣ ያ ደስ የሚል፣ ቀጥሎ ባለው ቀን የሚለቅ ድካም ከሆነ፣ አትደንግጡ። እኛ ያንን ለመለየት ጊዜ ወስዶብናል፤ እማዬ አሁንም አንዳንዴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሰሞኑን ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ አብራው መውጣት ጀምራለች። «እሱን ልጠብቅ ብዬ ነው» ትላለች፤ ጉልበቷ እንደተሻላት ግን ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻለሁ።

በየማታው እደውላለሁ። ሰላምታችን ተቀይሯል፤ «እንዴት ዋልክ?» ከማለቴ በፊት «ስንት ነህ?» እላለሁ። ትናንት «68 ከ9» አለኝ።

«ከትናንት በስቲያ 68 ነበርክ እኮ አባዬ። ምን በላህ?»

ዝም አለ። ከበስተጀርባ የእማዬ ድምፅ መጣ፦ «የነ ጋሽ ወርቁ ቤት ሰርግ ነበር፣ ንገራት እንጂ!»